ቤቱ ተሸጠ፤ ቅጣቱስ?

ሪፖርተር ጋዜጣን ከኋላ ወደ ፊት የሚያነቡ ሰዎች አሉ። ፖለቲካውን ዘለው በቀጥታ ወደ ጨረታው ገጽ ይሄዳሉ። እዚያ የባንኮች የሐራጅ ማስታወቂያ በሠንጠረዥ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል፤ የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ቤቱ የሚገኝበት ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት፣ የጨረታው መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥር የሚከተለውን ዝርዝር ባንኮቹ ሁሉ በቃላቸው የያዙት ይመስላል። ተጫራች የመነሻውን ዋጋ ሩብ በሲፒኦ ያስይዛል፤ ያሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ያስያዘው አይመለስለትም፤ ባንኩ የተሻለ አማራጭ ካገኘ ጨረታውን የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ከዝርዝሩ መካከል ዓይን ቶሎ የሚያልፋት አንዲት ተራ ቁጥር አለች። አገላለጿ ከባንክ ባንክ ትንሽ ይለያያል እንጂ መልእክቷ አንድ ነው፤ ከቤቱ ጋር ተያይዞ ለመንግሥት የሚከፈል ግብር፣ የሊዝ ክፍያና የስም ማዛወሪያ ቢኖር ገዢው ይችላል። ስንት ብር እንደሆነ ግን አይጻፍም። ግብሩን ጠይቆ መድረስ ይቻላል። አስቸጋሪው በግብሩ ላይ እየተደራረበ የመጣው ቅጣት ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባ ሕጉን ጥቂት መንካት ያስፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3060፣ የዕዳው መክፈያ ጊዜ ሳይደርስ፣ አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውል ዋጋ እንዳይኖረው ደንግጎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ለባንኮች ሌላ በር ከፈተ፤ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ከሰጡ ፍርድ ቤት ሳይቆሙ ራሳቸው በሐራጅ መሸጥ ቻሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 216/1992፣ ሁለተኛው ጨረታም ገዢ ካጣ ባንኩ ቤቱን በመጀመሪያው ጨረታ መነሻ ዋጋ እንዲረከብ ፈቀደለት። ሽያጩ ከዕዳው ከተረፈ ትርፉ ለተበዳሪው ይመለሳል። ካነሰ ጉድለቱ ከተበዳሪው ትከሻ አይወርድም።

አሁን ከደባርቅ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደን አዲ አርቃይ እንግባ። ከስሜን ተራራ ግርጌ፣ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ወበቅ በአንድ ጠመዝማዛ የሚደረስባት ከተማ ናት። ሕይወቷ መንገዱ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ፣ በማይ ጸብሪ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ሽሬ የሚገባው መንገድ ሲሠራ ምግብ ቤቱም፣ አልጋ ቤቱም፣ ጎሚስታውም ይሠራል። መንገዱ ሲዘጋ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ገቢ ተማምኖ ቤቱን አስይዞ የተበደረ ሰው ያለፉት ዓመታት ምን እንዳደረጉት ለመገመት አዋቂ መሆን አያሻም። መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። በሰኔ መጨረሻ 2013 የተከዜው ድልድይ ተሰበረ፤ በዚያው ክረምት ጦርነቱ ራሱ አዲ አርቃይ ደረሰ። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈርሞ እፎይ ሊባል ሲል፣ ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

የባንክ ቀን መቁጠሪያ ሌላ ነው። በብሔራዊ ባንክ መደበኛ መመሪያ መክፈያው 90 ቀን ያለፈው ብድር የተበላሸ ብድር ሆኖ ይመዘገባል።

እንበልና መንገድ ዳር አንድ ቤት አለ። ፊት ለፊቱ ምግብ ቤት፣ ጓሮው ውስጥ ባለ ስድስት ክፍል ሰርቪስ። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሰርቪሱ ገበያው በደራበት ዘመን ያለ ግንባታ ፈቃድ የተቀጠለ ነው። ባለቤቱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ጎንደር ከሸሸ ወዲህ በሩ አልተከፈተም። ቆርቆሮው በንፋስ ተገልጧል፤ አጥሩ ወደ እግረኛው መንገድ አዘንብሏል፤ ከደጁ ያለው የጎርፍ ቦይ በአፈርና በፌስታል ተደፍኗል። የቦታ ክፍያው አልተከፈለም። ማዘጋጃ ቤቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት የራሱ አንቀጽ አለው፤ ለዘገየው ክፍያ፣ ለፈቃድ አልባው ግንባታ፣ ለተደፈነው ቦይ። ባንኩ በበኩሉ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ሄዷል። ሰውየው ከቤቱ ርቋል፤ ባንኩ ገና አልተረከበውም፤ ቅጣቱ ግን የሚጠይቀው ሰው ሳይኖር ይወልዳል።

ይህ ቤት ምሳሌ ነው። አሠራሩ ግን በሕግ የተጻፈ ነው። በከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ዓመታዊ ክፍያውን ያዘገየ ሰው ቅጣት ይታሰብበታል፤ ውዝፉ የ3 ዓመት ከሆነ ደግሞ የሚመለከተው አካል ንብረቱን ይዞ የመሸጥ ሥልጣን አለው። አንዱን ቤት ባንኩም ማዘጋጃ ቤቱም ሊሸጡት ይችላሉ ማለት ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

አዲስ አበባ ላይ የቅጣቱ መጠን ራሱ ሌላ ዓለም ነው። የከተማዋ ደንብ ማስከበር ባለሥልጣን እየቀጣ በፌስቡክ ገጹ የሚያሳውቃቸው ቅጣቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከመቶ ሺህ የሚዘሉም አሉ። ትናንሽ ከተሞች የዋና ከተማዋን ፈለግ መከተል ይወዳሉ። የዚያን ታሪፍ ቅጂ አዲ አርቃይ ላይ ማስፈጸም ግን የቤቱን ግማሽ መውረስ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ያን ቅጣት በመጨረሻ ማን ይከፍለዋል? ወረቀቱ ላይ ገዢው ነው። በተግባር የተለየ ነው። ተጫራች ሞኝ አይደለም። ውዝፉ ስንት እንደሆነ ካላወቀ፣ ከባዱን ገምቶ ከሚያቀርበው ዋጋ ላይ አስቀድሞ ይቀንሳል። ቅጣቱ 50 ሺህ ብር ሆኖ ሳለ 150 ሺህ ይሆናል ብሎ ከፈራ፣ ዋጋው የሚወርደው በፈራው ልክ ነው። ቤቱ ሲረክስ ለተበዳሪው የሚተርፈው ይቀንሳል፤ ወይም የሚቀርበት ዕዳ ይጨምራል። ስለዚህ ከፋዩ ያው ቤቱን ያጣው ሰው ነው፤ አንዴ በቤቱ፣ አንዴ በዋጋው። ላይ ላዩን ሲታይ ለገዢው ዕዳ ከሜዳ የመጣ ይመስላል፤ እሱ ግን ሒሳቡን ገና ሲፒኦውን ሳያሠራ ጨርሷል።

በዚህ ላይ ገዢ ራሱ ሳስቷል። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ ኋላ ጣሪያውን ከፍ አደረገው። ተበድሮ መግዛት ሲጠብ ጨረታው ጥሬ ብር ለያዙ ጥቂት ሰዎች ይቀራል። በጥሬ ብር የሚገዛ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ውዝፍ ለማጣራት ከቢሮ ቢሮ መንከራተት አይወድም። የተጣራ ካርታ ያለው ቤት ሲያገኝ የአዲ አርቃዩን ይተወዋል። ያኔ ማዘጋጃ ቤቱ ቅጣቱንም፣ ዋናውን ግብርም፣ ሊከፈት ይችል ከነበረው ምግብ ቤት የሚያገኘውንም ያጣል።

ከዚህ ችግር ጋር ከኛ ቀድመው የተጋፈጡት አሜሪካኖች ናቸው። በፍሎሪዳ ሕግ ከተሞች የቤት አያያዝ ደንብ የጣሰን በቀን እስከ 250 ዶላር፣ የደገመን እስከ 500 ዶላር ይቀጣሉ፤ ጥፋቱ እስካልታረመ ቆጣሪው አይቆምም። ደነዲን በምትባለው ከተማ አንድ ሰው የሟች እናቱን ጉዳይ ለመፈጸም ሌላ ግዛት ሄዶ ሳለ የግቢው ሳር አደገ። ቅጣቱ በየቀኑ እየተቆጠረ ወደ 30 ሺህ ዶላር ተጠጋ፤ ከተማዋም ቤቱን በዕዳው ለማሸጥ ሂደት ጀመረች። ለሳር! ያው የፍሎሪዳ ሕግ ግን ቅጣቱን የጣለው ቦርድ መልሶ እንዲቀንሰው ይፈቅዳል። ስለዚህ ከባንክ የተወረሰ ቤት የገዛ ሰው ሳሩን አጭዶ፣ ጣሪያውን ጠግኖ፣ ፎቶውን ይዞ ይቀርብና ቅጣቱ እንዲቀነስለት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ጥሩ ተቃውሞ አለ። ግብሩን በወቅቱ የከፈለው ጎረቤት ምን ይበል? እሱም ጦርነቱን አይቷል፤ እሱም ገበያው ቀዝቅዞበታል። ተቃውሞው የሚያስኬደው ግን ዋናው ክፍያ ከቅጣቱ ጋር አብሮ ከተሰረዘ ነው። ሚያዝያ 2012 መንግሥት ለኮሮና ባወጣው የኢኮኖሚ ድጋፍ ከ2008 እስከ 2011 ላለው የግብር ውዝፍ ወለድና ቅጣቱን ሲያነሣ ዋናው ግብር እንዲከፈል አድርጎ ነበር። (ከዚያ በፊት የነበረውን ዕዳ ግን ጨርሶ ሰርዞታል፤ ያኛው ነው ከፋዩን ያስቆጨው።) የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም መጠን ያውቃል፤ ለዘገየ ግብር የመጀመሪያውን ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በየወሩ 2 በመቶ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን ከራሱ ከግብሩ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጅቶለታል። ለትልቅ ነጋዴ ጣሪያ ካለ ለአዲ አርቃዩ አልጋ ቤት የማይኖርበት ምክንያት አይታይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ ጊዜ በይፋ አይነገርም እንጂ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቅጣት መቀነስ የአንድ ባለሙያ ፈቃድ ከሆነ ነገ በሩ ላይ ደላላ ይቆማል። “አንተ ብቻ ዝም በል፣ እኔ አስቀንስልሃለሁ” የሚለውን ድምፅ ማዘጋጃ ቤት የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቅነሳው እየታየ የሚሰጥ ችሮታ መሆን የለበትም፤ ልኩ አስቀድሞ በደንብ ተጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ባንኩ የሐራጅ ማስታወቂያ ባወጣበት ቀን የቅጣቱ ቆጣሪ ይቁም። ማዘጋጃ ቤቱ በዚያው ሳምንት ዋናውን ዕዳ ለብቻ፣ ቅጣቱን ለብቻ ጽፎ ለባንኩ ይስጥ፤ ባንኩም ለተጫራቹ ያሳይ። ገዢው ዋናውን ሙሉ በሙሉ ይክፈል። ቦዩን ከከፈተ፣ አጥሩን ካነሣ፣ ቆርቆሮውን ከመታ፣ ሰርቪሱን ፈቃድ ካወጣለት ወይም ካፈረሰው፣ በደንቡ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ መሐንዲሱ አይቶ ሲፈርም ቅጣቱ ይቀነስለት። ካልሠራ ቅጣቱ እንዳለ ይጠብቀዋል።

የፈቃዱ ነገር ለብቻው አንድ ቃል ይገባዋል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሲወጣ በቀጥታ እንዲሠራ የታሰበው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ነበር፤ ከዚያ ያነሱት በውሳኔ እንዲካተቱ ነው የተተወው። ለትልልቅ ከተሞች የተሰፋው ልብስ በጭቃ ቤት ሰርቪስ ላይ ሲለበስ እጅጌው ይረዝማል። ሰርቪሱ ሰው ላይ የማይወድቅና የመንገዱን ወሰን የማይጋፋ ከሆነ፣ ቀላል ክፍያ አስከፍሎ ሕጋዊ ማድረግ ለከተማዋም ገቢ ነው።

የከተማው ከንቲባ ይህን ሁሉ በራሱ ፊርማ ሊያደርገው አይችልም፤ የክፍያና የቅጣት ሥልጣኑ የሚመነጨው ከክልሉ ሕግ ነው። ባሕር ዳር ያለው የክልሉ መንግሥት በጦርነት ለተጎዱት የሰሜን ጎንደር ከተሞች አንድ መመሪያ ቢያወጣ ዳባትንም፣ ደባርቅንም፣ አዲ አርቃይንም በአንድ ያዳርሳል።

ምሕረቱ የማይደርሰው አንድ ባለቤት ግን አለ፤ እሱም ባንኩ ነው። በሁለተኛው ጨረታ ገዢ ጠፍቶ ቤቱን በስሙ ካዞረ በኋላ እንደማንኛውም ባለቤት መቆጠር አለበት። ካሊፎርኒያ በ2008 (እ.ኤ.አ.) የቤት ቀውሱ ሲብስ፣ በዕዳ የወረሱትን ባዶ ቤት ሳያድሱ የሚያስቀምጡ ባለቤቶችን በቀን እስከ 1 ሺህ ዶላር የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች፤ መጀመሪያ ማስታወቂያ ደርሷቸው፣ የማረሚያ ጊዜ ተሰጥቷቸው ማለት ነው። የኛ ባንክ ቤት ለመሸጥ ለተበዳሪው 30 ቀን ይሰጣል። ቦይ ለመክፈትና የዘመመ አጥር ለማንሣት ለባንኩም ያው 30 ቀን ይበቃዋል። ከሠላሳ አንደኛው ቀን ጀምሮ የሚታሰበውን ቅጣት ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ብር እንኳ ሳይቀንስ ከቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ጠረጴዛ ላይ ያኑረው።