ለወጣት አዳኝ ስለሚመረጥ ጠመንጃ፤ «ያድግበታል» የማይባልበት ዕቃ



በንግድ ሥራ ላይ ከሚያጋጥሙን ገበያተኞች ሁሉ ለሻጩ ኅሊና ከባድ የሚሆነው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው ሆኖ በዕቃው የሚገለገለው ሌላ ሰው ሲሆን ነው። የልጆች ጫማ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። አባት ልጁን ይዞ ይገባል፤ ጫማው ሲለካ ከልጁ እግር በሁለት ጣት ይበልጣል፤ አባትየውም «ግድ የለም፤ ያድግበታል» ይልና ሒሳቡን ይከፍላል። ሻጩም ዝም ይላል። ልጁ ጫማውን ሲጐትት ይከርማል፤ እግሩ ልክ በሆነ ጊዜም ጫማው አልቋል። ጕዳቱ ከዚህ ስለማያልፍ በነገሩ የሚከራከር የለም። ነገር ግን «ያድግበታል» ሊባልባቸው የማይገባ ዕቃዎች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ ለወጣት አዳኝ የሚገዛ ጠመንጃ ነው።

በዚህ ርእስ መጻፌ አንባቢን እንዳያስደንቀው ምክንያቱን አስቀድሜ ልግለጽ። በአገራችን ጠመንጃ እንደ ጨርቅና እንደ ስኳር በመደብር የሚደረደር ሸቀጥ አይደለም። ማስገባቱም ሆነ መያዙ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት በመንግሥት ፈቃድ የታጠረ ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዕቃውን እናስመጣ ለማለት አይደለም። ነገሩን ያየሁት በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ብዙ የአገራችን ተወላጆች በሚኖሩበት ሥፍራ ነው። አሠሪዬ ስለ ቡናና ስለ ቅመማ ቅመም ንግድ ወደዚያ በሄዱ ጊዜ ጸሐፊያቸው ሆኜ ተከትያቸው ነበር፤ ያረፍነውም በታናሽ ወንድማቸው ቤት ነበር።

የወንድምየው ልጅ ዕድሜው 12 ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ጥንቸል ለማደን ፈልጎ፣ በዚያ አገር ደንብ የተወሰነውን የጦር መሣሪያ ጥንቃቄ ትምህርት ጨርሶ የምስክር ወረቀት ተቀብሏል። አባቱም በዚህ ደስ ብሏቸው፣ እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ አንድ ጠመንጃ ገዝተውለት ኖሯል። ዋጋው የተቀነሰለት፣ ለትልቅ ሰው የተሠራ፣ ከነመነጽሩ 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ሠላሳ ዜሮ ስድስት በመባል የሚታወቀውን ጥይት የሚተኵስ ነበር። ይህ ጥይት የአፈ ሙዙ ስፋት 7.62 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስሙም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት መመረጡን ያመለክታል። እንግዲህ ለወታደር ትከሻ የታሰበውን ለ12 ዓመት ልጅ ትከሻ ማሸከም ነው። ሻጩ ልጁን ሳያይ ሸጠ፤ አባትም «ያድግበታል» ብለው ገዙ።

ልጁ በመለማመጃው ቦታ ሁለት ጊዜ ተኰሰ። ሰደፉ ስለ ረዘመበት ጠመንጃውን ከትከሻው አውጥቶ በክንዱ ላይ ያሳርፈው ነበርና ክንዱ በለዘ። በሦስተኛው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያም ጠመንጃውን አስቀምጦ «ሌላ ቀን ይሁን፣ አባባ» አለ። ዐይኑን ጨፍኖ የሚተኵስ ሰው ጥይቱ የት እንደሚሄድ አያውቅም። ጥይቱ የት እንደሚሄድ የማያውቅ አዳኝ ደግሞ ለአውሬው ሳይሆን ለጓደኞቹ አስጊ ነው።

እኛ በደረስን በሦስተኛው ቀን ወደ ሌላ መደብር አብረን ሄድን። ሻጩ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። አባት የፈለጉትን ሲነግሯቸው ሽማግሌው ከመደርደሪያው አንድም ጠመንጃ አላወረዱም፤ «ልጁ የታለ?» ብለው ጠየቁ እንጂ። ልጁ ከመኪናው ተጠርቶ መጣ። ሽማግሌውም አንድ ጠመንጃ አንሥተው፣ ጥይት አለመጕረሱን በዐይናቸውም በጣታቸውም አረጋግጠው፣ ለልጁም ካሳዩ በኋላ፣ ልብስ ሰፊ እጀ ጠባብ እንደሚለካ አድርገው ለኩት። የጸሐፊነት ልማድ ሆኖብኝ ያሉትን ሁሉ በማስታወሻዬ ይዣለሁ፤ ዋና ዋናው የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የሚታየው የሰደፉ ርዝመት ነው። ልጁ ክንዱን አጥፎ የሰደፉን ጫፍ በክርኑ ውስጠኛ መታጠፊያ ሲያሳርፍ፣ ጣቱ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ መድረስ አለበት። ለትልቅ ሰው በሚሠራ ጠመንጃ ከሰደፉ ጫፍ እስከ ምላጩ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለወጣቶች የሚሠራው ግን ከ28 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ አራት ጣት ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ልጁ ዐይኑን ከማነጣጠሪያው ጋር በትክክል ማስተካከል የሚችለውና የማይችለው በዚህች አራት ጣት ነው።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ልጁ ባዶውን ጠመንጃ አነጣጥሮ ቆሞ ሽማግሌው እስከ ሠላሳ ቈጠሩ። አፈ ሙዙ ወደ መሬት ማዘቅዘቅ ከጀመረ ከብዶታል ማለት ነው። ነገር ግን ቀላል ሁሉ ጥሩ አይደለም። ለትንንሽ ልጆች ተብለው የሚሠሩ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ብቻ የሚመዝኑ አሉ፤ እነዚህ ለ12 ዓመት ልጅ እጅ ከመጠን በላይ ስለሚቀሉ ትንፋሹና የልቡ ምት ያንቀጠቅጣቸዋል። ለዚህ ልጅ የተመረጠለት 2 ኪሎ ያህል የሚመዝነው ነው።

ሦስተኛው የጥይቱ ዐይነት ነው። ሽማግሌው የመረጡት ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ነው። ይህ ጥይት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1887 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከተሠራጩት ጥይቶች አንዱ ነው። እርሳሱ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ትከሻን የሚመታው ምት ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ ዋጋውም ርካሽ ስለ ሆነ ልጁ ብዙ ጊዜ ሊለማመድበት ይችላል። ለጥንቸልና ለመሳሰሉት ትንንሽ አውሬዎች እስከ 50 ሜትር ድረስ በቂ ነው። ይሁን እንጂ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ወደ ላይ ተተኵሶ ከሳተ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ድንጋይና ውሃ ሲመታም ይነጥራል።

አራተኛው ጠመንጃው በአንድ ጊዜ ስንት ጥይት እንደሚጐርስ ነው። ልጁ ዐሥር ጥይት የሚይዘውን፣ ምላጩ በተሳበ ቍጥር ራሱ እየጐረሰ የሚተኵሰውን ፈልጎ ነበር። ሽማግሌው ግን አንድ ብቻ የሚጐርሰውን ሰጡት። የኛ ሰው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚለው ነው፤ ዐሥር ጥይት ያለው ልጅ በሁለተኛው አስተካክላለሁ ብሎ የመጀመሪያውን ያባክናል፤ አንድ ብቻ ያለው ግን ሳያስብ አይተኵስም።

አባት በዚህ ጊዜ አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሡ። «ልጄ ከጥቂት ዓመት በኋላ አጋዘን ማደን ይፈልጋል፤ ታዲያ ሁለት ጊዜ ከማውጣት ለሁለቱም የሚሆን አንድ ብገዛ ምን አለበት?» አሉ። ይህ የማንኛውም ቈጣቢ አባት ሐሳብ ነው። መልሱ ግን ግልጽ ነው። በሚኒሶታ ደንብ ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል ለአጋዘን አይፈቀድም፤ ለአጋዘን የሚተኰስ ጥይት የጠመንጃው መርፌ የቀለሁን ጠርዝ ሳይሆን መካከሉን የሚመታው መሆን አለበት። ለዚያ ጊዜ ደግሞ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. የወጣው፣ ስፋቱ 6.2 ሚሊ ሜትር የሆነውና ምቱ የሠላሳ ዜሮ ስድስቱ ግማሽ ገደማ የሚሆነው ዐይነት አለ። የዛሬውን ትምህርት የነገው ዕቃ አያስተምረውም። ደግሞም ከሰደፉ ጫፍ ላይ የሚጨመር ማርዘሚያ ያላቸው ጠመንጃዎች ስላሉ፣ ልጁ ባደገ ቍጥር ሰደፉ ይረዝማል። ልጁ ለጠመንጃው እስኪደርስ ድረስ አይጠበቅም፤ ጠመንጃው ከልጁ ጋር ያድጋል እንጂ።

እዚህ ላይ ግን ልክ ማለት የክንድ ልክ ብቻ አለመሆኑን መናገር ግዴታዬ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በኬንታኪ ክፍለ ግዛት አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን በስጦታ በተሰጠው ትንሽ ጠመንጃ የሁለት ዓመት እኅቱን ተኵሶ ገደለ። ጠመንጃው በቤት ጥግ ቆሞ ነበር፤ ጥይት መጕረሱንም ቤተሰቡ አላወቀም። ያ ጠመንጃ ለሕፃን ቁመት ተለክቶ የተሠራ ነበር፤ ለሕፃን አእምሮ የተለካ ጠመንጃ ግን የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ሒሳቡን ከመቀበላቸው በፊት «የት ታስቀምጠዋለህ? ጥይቱስ ለብቻው ይቈለፋልን? ቍልፉ በማን እጅ ይሆናል?» ብለው አባትየውን መርምረዋል። የአሜሪካ ሕግም ከ1968 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) ጀምሮ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላው ሰው ጠመንጃ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ ገዥው አባት ነው፤ ተጠያቂውም አባት ነው።

ይህ ንግድ አንድ ሌላ ትምህርት አለው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1937 ዓ.ም. በወጣው በፒትማንና ሮበርትሰን ሕግ መሠረት፣ በአሜሪካ የአደን ጠመንጃና ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ወይም የሚያስመጣ ነጋዴ በሽያጩ ዋጋ ላይ መቶኛ 11 ግብር ይከፍላል። ገንዘቡ ለዱር አራዊት መጠበቂያ፣ በኋላም ለአዳኞች ማሠልጠኛ እንዲውል ተደርጓል። ይህም ነጋዴው በሸጠው ዕቃ ምክንያት ለሚመጣው ነገር ባዕድ አለመሆኑን ያሳያል።

በዚያ ቀን ሽማግሌው የሸጡት ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ጠመንጃ፣ ጥቂት ካርቶን ጥይት፣ የጆሮ መከላከያና አንድ ቍልፍ ነው። አባትየው መነጽርም ሊገዙ ፈልገው ነበር፤ «በባዶ ዐይኑ ማነጣጠርን ይማር፤ እርሱ ይቈይ» ተብለው ቀሩ። አሠሪዬ ሲወጡ «እኒህ ሰው ገበያ ሲመጣላቸው ይመልሳሉ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ወንድማቸው የቤተሰቡን የክረምት ልብስና የዓሣ ማጥመጃ ሳይቀር ከዚያው መደብር እንደሚገዙ በየደብዳቤያቸው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ሻጭ ያንን ትልቅ ጠመንጃ በግማሽ ዋጋ መልሶ ወስዷል፤ እርሳቸው ግን ወደዚያ ሱቅ ዳግመኛ አልሄዱም።

በመጨረሻ የደረሰን ደብዳቤ ስለ ልጁ የመጀመሪያ አደን የሚገልጽ ነበር። በመኸር ወራት ከአባቱ ጋር ወጥቶ፣ ጥንቸል ከ30 ሜትር ላይ ቆማ አገኘ፤ አነጣጠረም። ነገር ግን ከጥንቸሏ በስተኋላ ከዛፎቹ መካከል የሰው ቤት ጣሪያ ስላየ ጠመንጃውን አወረደ። ጥንቸሏ ሮጠች፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። አባትየው ይህን የጻፉት በኩራት ነው፤ ደብዳቤውን ለአሠሪዬ ሳነብላቸው እኔም ተሰምቶኛል። ዐይኑን ጨፍኖ ይተኵስ የነበረው ልጅ ከዒላማው አልፎ ማየትን ተምሯል።

ክቡራን ባለሱቆች፤ እኛ የምንሸጠው ጫማና ደብተር፣ ብስክሌትና መድኀኒት ይሆናል። ነገር ግን አባት ለልጁ፣ ሠራተኛ ለጌታው፣ ጐረቤት ለታመመ ጐረቤቱ ዕቃ ሊገዛ ወደ ሱቃችን ሲገባ፣ የሚገለገልበት ሰው ከሱቁ ውጪ መሆኑን አንርሳ። እጃችን ወደ መደርደሪያው ከመዘርጋቱ በፊት እንደዚያ ሽማግሌ «ልጁ የታለ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ለዕለቱ ከምናጣው ጥቂት ትርፍ ይልቅ ለዓመታት የሚዘልቅ ደንበኛ እናተርፋለን፤ ከሁሉም በላይ ማታ ስንተኛ ስለ ሸጥነው ዕቃ አንሠጋም።

አንድ የነጋዴ ጸሐፊ