25 የፈረስ ጉልበት እምድብር ሲደርስ ስንት ይቀራል?

ባለፈው መስቀል ቸሃ፣ አገር ቤት ስገባ ጀፎረው ዳር ሸራ የለበሰ ትራክተር ቆሞ አገኘሁ። አዲስ ነው፤ ጎማው እንኳ ገና አልተበላም። ከኋላው አንድ ሜትር ከሃምሳ የሚሰፋ የሳር ማጨጃ ተገጥሞለታል። መርካቶ የሚሠሩ የሰፈራችን ልጆች አዋጥተው የላኩት ነው። ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ አምስት ስድስት ሰው ጎንበስ ብሎ በማጭድ ያጭዳል።

«ጋሼ፣ ይኼ ምን ሆኖ ነው የቆመው?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኋቸው።

«ሳር ሲያይ ይደነግጣል» አሉኝ።

ሳቁ፤ ግን ከአንጀታቸው አልነበረም። ልጃቸውም ካዋጡት አንዱ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ጀፎረ በጉራጌ መንደር ፊት ለፊት በተሠሩ ቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰፊ የሳር ጎዳና ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይቆምበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል። ማጨጃው የተገዛው ግን ለሱ አይደለም፤ ከበታቹ ክረምቱን ሙሉ ተከልሎ ለሚቆየው የድርቆሽ መሬት ነው። እዚያ ሲገባ ሞተሩ እያቃሰተ ይጠፋል። ዳገት ላይ ደግሞ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው እምቢ ይላል። የሸጠላቸው ሰውዬ «የሾፌር ችግር ነው» አላቸው፤ ሾፌር ሁለት ጊዜ ተቀየረ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ግን ነገሩ ከመደመርና ከማባዛት አያልፍም።

ትራክተሩ ላይ 25 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጽፏል። ይኼ የሞተሩ ጉልበት ነው። ማጨጃውን የሚያዞረው ግን ከኋላ የሚወጣው ዘንግ፣ ባለሙያዎቹ ፒቲኦ የሚሉት ነው። ጉልበቱ እዚያ እስኪደርስ መንገድ ላይ ይባክንና በግምት 85 በመቶው ይቀራል። 21 እንበል። ቀጥሎ ሻጭ የማያነሳው ነገር አለ፤ ከፍታ። የእምድብር አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከ21ዱ 17 ቀረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማጨጃው። ክረምት ለጠገበ ወፍራም ሳር በተለምዶ የሚያዘው ስሌት፣ ለአንድ ጫማ የመቁረጫ ስፋት፣ ማለትም ለ30 ሳንቲ ሜትር፣ ዘንጉ ላይ 5 የፈረስ ጉልበት ነው። አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት ጫማ ነው፤ 25 ይፈልጋል። ያለን 17 ነው። ሾፌር ቀርቶ ፓይለት ብንቀጥር 17 ወደ 25 አይሄድም።

ከሳሩ ብንነሳ ኖሮ ሒሳቡ ሌላ ይሆን ነበር። ያንን ማጨጃ እኛ አገር ለማሠራት ሞተሩ ወደ 37 የፈረስ ጉልበት መሆን ነበረበት። ወይም ማጨጃው ወደ አንድ ሜትር መጥበብ ነበረበት። መጥበቡም ጣጣ አለው፤ ማጨጃው ከኋላ ጎማዎቹ ዳር እስከ ዳር ስፋት ካነሰ፣ ጎማው የረገጠው ሳር ሳይታጨድ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ ተያይተው ነው የሚገዙት።

የፊት ጎማው ጉዳይ ደግሞ ከገንዘብም ይከፋል። ከኋላ ከባድ ነገር ሲንጠለጠል የፊቱ ይነሳል። ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ 20 በመቶው የፊት ጎማ ላይ መቅረት አለበት ይባላል፤ ካልሆነ ፊት ላይ የሚታሰር ብረት ይጨመራል። የኛ ትራክተር ብረቱ የለውም። ዳገት ላይ መሪ የማይታዘዘው ትራክተር ሰው ይገድላል። ሾፌሮቹ ፈርተው መተዋቸው ስንፍና አይደለም።

ይኼ ሁሉ ሆኖ፣ ማሽኑ ቢሠራስ? በአማርኛ ሁሉንም «ማጨጃ» ብለን እንጠራለን እንጂ ይኼ በወፍራም ቢላ እየተሽከረከረ ቁጥቋጦ ለመመንጠር የተሠራ ነው። ሳሩን ቆራርጦ ይበትነዋል፤ ድርቆሽ የሚሆን ረጅም ሳር አያስተኛም። ለድርቆሽ እንደ መቀስ የሚቆርጥ፣ ጥርስ ያለው ማጨጃ አለ። ጉልበትም ብዙ አይጠይቅም፤ ለኛው ትራክተር 17 ከበቂ በላይ ነበር።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ማሽነሪዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ፈቅዷል። በካፒታል ዕቃ ኪራይ ፋይናንስም ገበሬ ማሽን ወስዶ ቀስ እያለ እንዲከፍል መንገድ አለ። ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም የሚያቀሉት ዋጋውን ነው። የማይገጥም ማሽን በርካሽ መግዛት ኪሳራን በቅናሽ መግዛት ነው። እኔ ብሆን የግዢ ውሉ ላይ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ትራክተሩና ተቀጥላው አብረው፣ ገዢው መሬት ላይ፣ በገዢው ሳር ላይ ሲሠሩ ታይቶ ነው።

ሻጮች «ገዢው ከዋጋ ሌላ አይጠይቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የኛ ኮሚቴ «ስንት ነው?» እንጂ «ሳሩ የት ነው ያለው?» አላለም። እኔም 5,000 ብር በስልኬ ስልክ ምንም አልጠየቅሁም። ማዋጣቱን እናውቅበታለን፤ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት መንገድ ያወጣው በሰው መዋጮ ነው። ያዋጣነውን ስንገዛበት ግን መጠየቅ ያሳፍረናል፤ ስጦታ ላይ ዋጋ የማውጣት ያህል።

አሁን ደግሞ ኮሚቴው «ለማጨጃው የሚሆን ትልቅ ትራክተር እንግዛ» ማለት ጀምሯል። ለማጨጃው የወጣው የፈሰሰ ውኃ ነው፤ እሱን ለማትረፍ ሌላ ትራክተር አይገዛም። ማጨጃው ይሸጥ፤ ቁጥቋጦ የሚመነጥርበት ባለ ትልቅ ትራክተር አይጠፋም። ትራክተሩ ይቆይ፣ ጥርስ ያለው ማጨጃና የፊት ብረት ይገዛለት። ጋሪ ጎትቶ እህልና ማዳበሪያ ቢያመላልስም አንድ ነገር ነው።

ስብሰባው ለጥር ተጠርቷል። ሜትርና የትራክተሩን ማኑዋል ይዤ እሄዳለሁ። እስከዚያው ጠባቂው አጎቴ ናቸው፤ ማታ ማታ ዶሮዎቹን ከሸራው ላይ ያወርዳሉ።