የእናት ካባ ለልጅ ሠርግ

ጥር ሲቃረብ ለጋብቻ ትምህርት ወደ ቤታችን ከሚመጡት እጮኛሞች መካከል አንዷ ጓዳ ድረስ ተከትላኝ፣ «እትዬ፣ የእናቴ የሠርግ ካባ አለ፤ ገበሩ አልቋል፣ ወርቁም ጠቁሯል። ይታደስ ይሆን ወይስ ተበድረንም ቢሆን አዲስ እናሰፋ?» ማለቷ አይቀርም። እዚህ ደብረ ማርቆስ የካባ ነገር ቀላል አይደለም። ዘመድ ካባውን ያያል፤ ብድሩን የሚያይ ግን የለም። ስለዚህ ዛሬ መርፌና ክር ይዘን እንቀመጥ።

ወርቀዘቦ የምንለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ አሮን ኤፉድ ስንማር ስለ ቀለማቱ ትርጉም ብዙ ተነግሮናል፤ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን በዘጸአት 39፥3 ላይ ያለው የእጅ ሥራ ነበር። ባለሙያዎቹ ወርቁን በመዶሻ አሳስተው፣ እንደ ክር ቆርጠው፣ ከበፍታውና ከቀለማቱ ክር ጋር አዋሕደውታል። በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ ስስ ወርቅ ወይም በወርቅ የተለበጠ ብር በሐር ክር ላይ መጠምጠም ተለመደ። ዛሬ ገበያ ላይ የሚያብረቀርቀው አብዛኛው ክር ወርቅ አልነካውም። በ1946 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ክር አሉሚኒየም በሁለት ስስ ፕላስቲኮች መካከል የተጣበቀበት ነበር፤ የአሁኑም የዚያው ዘመድ ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ ካባውን ገልብጡትና ስፌቱ ውስጥ ከተረፈው ጫፍ አንዲት ክር ምዘዙ። ከካባው አርቃችሁ (አደራ!) ክብሪት አስጠጉባት። ተኮማትራ ከቀለጠች ፕላስቲክ ናት። ብረቱ ሳይቀልጥ ከቀረ የብር ወይም የመዳብ ሥራ ይሆናል፤ የጠቆረውም ለዚህ ነው። የጠቆረውን በሎሚና በአመድ አትሹት። ለጊዜው ያበራል፤ ነገር ግን ስሱ ሽፋን አብሮ ይነሣል። ለእኔ ጥቁረቱ ነውር አይደለም።

ትልቁ ጠላት ካውያ ነው። መብራት ሲጠፋ የምናነሣው የከሰል ካውያ ሙቀቱ የሚለካበት ነገር የለውም። ከተቻለ ወርቀዘቦን አትተኩሱ። ግድ ከሆነም በውስጥ በኩል፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ደርባችሁ፣ ውኃ ሳትረጩ፣ ለብ ባለ ካውያ ጫን ብላችሁ አንሡ እንጂ አትጎትቱ።

ስፌቱን የድሮው ሲንጀር መኪና በሚገባ ይሠራዋል፤ በእጅ የሚዞረው እንዲያውም ይሻላል፣ አይቸኩልምና። አዲስ መርፌ አድርጉ፤ ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80 ቁጥር ይበቃል። የደነዘ መርፌ ክሩን እየጎተተ ጨርቁን ያበላሸዋል። የስፌቱን ርዝመት ወደ 3 ሚሊ ሜትር አድርጉት፤ ጨርቁ የሚያንሸራትት ከሆነ ከሥሩ ስስ ወረቀት አንጥፋችሁ ስፉና ወረቀቱን በኋላ ቅደዱት። ስፒል የወጋው ቀዳዳ አይደፈንም፤ ስለዚህ ስፒሉን ስፌት ውስጥ በሚቀረው ጫፍ ላይ ብቻ ሰኩ። ለዚያም 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አትርፋችሁ ቁረጡ፤ ጫፉ ቶሎ ስለሚተረተር ወዲያው ዘምዝሙት። ጥሩውን መቀስ ግን አታውጡ፤ ብረቱ ያደነዝዘዋል።

በከፋዩ ላይ የተጠለፈው የወርቅ ክር ከተነሣ መልሳችሁ በመርፌ አታሳልፉት፤ ይላጣል። ባለበት አስተኝታችሁ ቀለሙን በሚመስል ቀጭን ክር ከላይ ያዝ ያዝ አድርጉት። ገበሩ ካለቀ እሱን ብቻ ፈትታችሁ ቀይሩ፤ አሮጌው ገበር ለአዲሱ መቁረጫ ልክ ይሆናችኋል። ብዙ ጊዜ ካባው «አለቀ» ሲባል ያለቀው ገበሩ ነው።

ትከሻው ጭምር ካለቀ ከደህናው ክፍል የትራስ ልብስ ወይም የመጽሐፍ ቅዱስ ማህደር ይወጣል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ፣ ጥጥ መሐል አድርጎ መስፋት በሌላው ዓለም የተከበረ ሙያ ነው፤ እኛ ድሪቶ ብለን ናቅነው እንጂ። ለሕፃን ማቀፊያ ግን አታድርጉት፤ ብረቱ ቆዳ ይፍቃል።

መቀስ ከማንሣታችሁ በፊት እናትየዋን ጠይቁ፤ እጮኛም አብሮ ይስማ። አንዲት እናት ካባቸው ሊቆረጥ ነው ብለው ሣጥኑን አንከፍትም ብለው ነበር። ያን ካባ የገዙላቸው ሟች ባለቤታቸው ነበሩ፤ ልጅቱ ይህን አታውቅም ነበር። ሙሽራው ራሱ ሄዶ፣ «እማማ፣ የምንቀይረው ገበሩን ብቻ ነው» ሲላቸው ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ። ገበሩ ተቀየረ፤ ብድሩም ቀረ።

ከሠርጉ በኋላ ካባውን ጥላ ውስጥ አናፍሱት፤ ላብና ሽቶ ብረቱን ያጠቁሩታል። በታጠፈበት መስመር ላይ ክሩ ስለሚሰበር ሳታጥፉ በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሉት። ፌስታል ውስጥ አታስገቡት፤ የክረምቱን እርጥበት አፍኖ ይይዛል።