የአያቴ ጨው

በኮቸሬ ወረዳ ጨለለቅቱ ገበያ ጨው የሚሸጠው አፉ ከተከፈተ ማዳበሪያ ነው። ሻጯ በጣሳ ትሰፍራለች፣ ገዢዋ በፌስታል ቋጥራ ትሄዳለች፤ ቤት ስትደርስ ምድጃ አጠገብ ታኖረዋለች። ኮቸሬ ዝናብና ጉም የሚበዛበት አገር ነውና ከእሳት የራቀ ጨው ውሃ ያዝላል። አያቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ያኔ በጨው ውስጥ ሙቀት የሚያጠፋው ነገር ስላልነበረ ልክ ነበረች።

ዛሬ አዮዲን አለ። ትንሽ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው 90 ማይክሮግራም ነው፤ የግራም አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ይህችን ታህል ያጣ ልጅ እንቅርት ማውጣቱን ሰው ያይለታል፤ አእምሮው ወደኋላ መቅረቱን ግን ብዙ ጊዜ ስንፍና ብለን እናልፈዋለን። የደጋውን አፈር ዝናብ ሲያጥበው ስለኖረ ከቆጮውም ከጎመኑም ብዙ አዮዲን አይጠበቅም። በ1997 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች 40 በመቶ ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው፤ በያኔው ደቡብ ክልል ከግማሽ በላይ።

ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የአሰብና የምጽዋ ጨው ሲቀርብን የአፍዴራው ተተካ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶው ቤት ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 በመቶ ደረሰ። ደስ ይላል። ግን ቁጥሩ የተገኘበት ምርመራ አዮዲን መኖሩን እንጂ ምን ያህል እንደቀረ አይናገርም። ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ጨው ገበያ ላይ ፀሐይ ይመታዋል፣ ቆሻሻ አለው ተብሎ ይታጠባል፣ ከዚያ ምድጃው ይጠብቀዋል። «ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚባለው ጨው አዮዲኑ ቢያልቅም መጣፈጡን አይተውም፤ ምላስ እዚህ ላይ ምስክር አይሆንም።

ቅሬታዬ ስለ ጨው አያያዝ ከሚሰጠው ምክር አይደለም። ክደኑት፣ ከእሳት አርቁት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት ማለት ይበጃል። (ጨው አብዙ ማለቴ አይደለም፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምግብ ውስጥማ ጭራሽ አይገባም። እሱ ድርሻውን በጡት ወተት ከእናቱ ወጥ ያገኛል።) ችግሩ ምክሩ የሚነገረው ለእናት ብቻ መሆኑ ነው። እናት ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ላይ ናት። ወጡን የምትሠራው አያት ናት፤ ወይም ሕፃኑን አዝላ የምታማስል የአሥር ዓመት እህት። ክትባት ቀን ጤና ኬላ ተሰልፈው የማናያቸው እነሱን ነው። ትምህርቱ ምድጃው ድረስ ይሂድላቸው፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ትስማው፣ አያትየዋ ቡና ሲፈላ ትጠየቅ። እሷማ ጨው ለምን እሳት ዳር እንደሚቀመጥ ከሁላችን የተሻለ ታውቃለች፤ የሚያስፈልጋት ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ነው።

በቀደም ገበያ ወርጄ ጨው ሻጯን፣ «እናቴ፣ ማዳበሪያውን ለምን አይከድኑትም?» አልኳቸው።

«ካልታየ ማን ይገዛኛል፣ ልጄ?» አሉኝና ጣሳውን ሞሉልኝ።