«ዝም ብለሽ ፈርሚ» ለተባለችው ነገረ ፈጅ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ እንደተለመደው የፍቅር ናቸው። እነሱ ተራቸውን ይጠብቁ። ዛሬ አንዲት ልጅ እንቅልፍ ነስታኛለችና የእሷን ላስቀድም።

ልጅቷ በሕግ ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆኗታል። የኤሌክትሪክ መስመር በኮንትራት የሚዘረጋ የግል ድርጅት ውስጥ ነገረ ፈጅ ናት። ሥራውን ያስገኙላት የአጎቷ ጓደኛ ሲሆኑ እኚሁ ሰው አለቃዋ ናቸው። እንዳትታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጬ ደብዳቤዋን ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ገና ባላስረከብነውና ለሙከራ ኃይል በተለቀቀበት ከፍተኛ መስመር አንድ የቀን ሠራተኛ ጣራ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ኤሌክትሪክ ያዘው። ቀኝ እጁ ተቆርጧል። ሽቦው መርገቡን መሐንዲሳችን ቀደም ብሎ በማስታወሻ አሳውቆ ነበር። አለቃዬ ግን ‹ጥፋቱ የራሱ ነው ብለሽ የሕግ አስተያየት ጻፊ፤ ዝም ብለሽ ፈርሚ። የሕክምናውንም እንዳትከፍሉ። በሽማግሌ እያባበልን ሁለት ዓመቱን እናሳልፈው› አሉኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶታል። ሰውየው በየሳምንቱ ቢሮዬ በር ላይ ይቀመጣል፤ ‹እታለም› ይለኛል። እናቴን የማስተዳድረው በዚህ ደመወዝ ነው። እጮኛዬ ደግሞ ‹እንጀራሽን አትርገጪ፣ አንቺ ተቀጣሪ እንጂ ዳኛ አይደለሽም› ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?»

አይ እህቴ! እኔም እኮ በወጣትነቴ ነዳጅ በሚያከፋፍል ድርጅት ነገረ ፈጅ ነበርኩ።

ብዙ ሰው ነገረ ፈጅ ሲባል ፋይል ታቅፎ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ የሚንጎራደድ ሰው ብቻ ይመስለዋል። በኃይል ሥራ ግን ወረቀቱ ከሽቦው ይቀድማል። በ2010 ዓ.ም. የኮርቤቲና የቱሉ ሞዬ የእንፋሎት ኃይል ውሎች ሲፈረሙ ጋዜጦቹ ያሳዩን የሚጨባበጡትን ሰዎች ነው። ክፍያው በብር ነው በዶላር? ጉድጓዱ ተቆፍሮ እንፋሎት ባይወጣ ኪሳራው የማን ነው? ምሰሶው የሚያርፍበት ማሳ ባለቤት ካሳውን መቼ ያገኛል? ይህን ሁሉ ሌሊት ሲያነብ የሚያድረው የሕግ ክፍሉ ነው። «ይሄ አያዋጣንም» ብሎ ካልተናገረ ለምን ይቀጠራል?

ወደ ጉዳይሽ ልመለስ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግቶ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ቁጥር 2086 ደግሞ «አላጠፋሁም»፣ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» የሚለውን መከላከያ ይዘጋል። የቀረው አንድ በር የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። አለቃሽ ለምን በዚያ በር ግቢ እንዳሉሽ ገባሽ? ሞኝ አይደሉም። ሕክምናውን አትክፈሉ ማለታቸውም ከንፉግነት ብቻ አይመስለኝም፤ ከፊል ክፍያ ዕዳን እንደ ማመን ተቆጥሮ ይርጋውን እንዳያቋርጥባቸው ፈርተው ነው።

ነገር ግን የመሐንዲሱ ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ አለ። ፍርድ ቤት ያስቀረበው ዕለት ከአጠገቡ የሚገኘው ፊርማ የአለቃሽ ሳይሆን የአንቺ ነው።

ስለዚህ አስተያየቱን ጻፊው፤ ግን እውነተኛውን። ሁለቱን ቁጥሮች ጥቀሺ፣ ማስታወሻውን አባሪ አድርጊ፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር አሰጥተሽ ለአለቃሽ ላኪ። አለቆች ከጽድቅ ይልቅ ገንዘብ ይሰማሉና የኢንሹራንሱንም ፖሊሲ አውጥተሽ አንብቢው። የሦስተኛ ወገን ሽፋን ካላችሁ አደጋውን ቶሎ አሳውቁ የሚል ግዴታ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። እሳቸው ጊዜ ገዛሁ ሲሉ ሽፋኑን እያጡት ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእሳቸው ነው። «ለውጪው» ካሉሽ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ይፈርሙ። ሥራሽን አታጪም ብዬ አልዋሽሽም፤ ከአሁኑ ሌላ ቦታ ማፈላለግ ጀምሪ።

ፋይሉን ግን አውጥተሽ ለሰውየው እንዳትሰጪ! የድርጅቱን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብሽ። አጎትሽንም በዚህ አታስገቢ። ለሰውየው የምትዪው ይህን ብቻ ነው፦ «እኔ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ ነኝ፣ የእርስዎ አይደለሁም። ዛሬውኑ ጠበቃ ያማክሩ።» ገንዘብ ከሌለው የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

እኔ ያን አላልኩም። ማደያ በር ላይ ሎተሪ የሚያዞር ሰው ነበር፤ ቦቴው ነዳጅ ሲያራግፍ በተነሳ እሳት ፊቱ የተቃጠለ። «ነገ ይምጡ፣ ጉዳዩ እየታየ ነው» እያልኩ ሁለት ዓመት ሞላ። ቢሮው ተደሰተ፣ ጉርሻ ተሰጠኝ፣ ሙሉ ልብስ ገዛሁበት። ከዓመታት በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁትና ቆብ አንስቶ ሰላም አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እጮኛሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ፈርቶልሽ ነው። ዳኛ አይደለሽም ያለው ልክ ነው። «ስለዚህ ፈርሚ» የሚለው ላይ ነው የሳተው።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፣ እሷ ለሰውየው ልትነግረው የማትችለውን እኔ አሁን የማንም ነገረ ፈጅ ስላልሆንኩ እዚሁ ልጻፈው። በቁጥር 2143 መሠረት የጉዳት ካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ይራዘማል። «ሽምግልና ላይ ነን» ማለት ቆጠራውን አያቆመውም። ቡና እየጠጣችሁ፣ እየተሳሳማችሁም ቢሆን ይቆጥራል።

እህቴ፣ አስተያየቱን ሰኞ ጠዋት አስገቢውና አለቃሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።