ቪ10 ይመለስ የምትሉ፣ ድምፁን ተዉትና ስለ ዋጋው እናውራ

ፎርሙላ ዋን የምትከታተሉት ወዳጆቼ የድሮዎቹን ቪ10 ሞተሮች ቪዲዮ እየለጠፋችሁ «ሞተር ማለት ይሄ ነበር» ስትሉ አያለሁ። ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2025 የኤፍአይኤ ፕሬዚዳንት መሐመድ ቢን ሱላዬም ራሳቸው ቪ10 ይመለስ የሚል ሐሳብ አንስተው ነበር፤ ኋላ ላይ ወደ ቪ8 አዘነበሉ እንጂ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እኔም ይመለስ ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ድምፁ አይደለም።

መጀመሪያ ለማያውቁት ላስረዳ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሰማይ የሰጠውን አየር ብቻ ስቦ የሚሠራ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየር ይገባል፣ በቃ። ቱርቦ ያለው ደግሞ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይን አሽከርክሮ አየሩን በግድ ወደ ሲሊንደሩ ያጭቃል። ልዩነቱን እንደኛ የደጋ ሰው የሚያውቀው የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ጆበርግ ወደ 1750 ገደማ። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕሩ ዳር ካለው 80 ከመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የኔዋ ኮሮላ ቱርቦ የላትም፤ መንገደኛ ይዤ ወደ ደርባን ስወርድ ሌላ መኪና ትሆናለች። ስመለስ ደግሞ ቫን ሪነን ዳገት ላይ ማርሽ እየቀነስኩ መለመን ነው። ከአዲስ ወደ አዋሽ የነዳችሁም ታውቁታላችሁ።

ይሄው የአየር ነገር ነው እዚሁ አጠገባችን፣ ሚድራንድ ያለው የኪያላሚ ሜዳ ላይ ታሪክ የሠራው።

ከ1966 ጀምሮ የነበረው ሕግ፣ ቱርቦ ለሌለው 3 ሊትር፣ አየር በግድ ለሚያጭቀው 1.5 ሊትር ይፈቅድ ነበር። ለአሥር ዓመት ያህል በትንሹ ሞተር የመጣ ሰው አልነበረም። በ1977 ሬኖ ቱርቦውን ይዞ ሲመጣም እየጨሰ ስለሚቆም «ቢጫው የሻይ ማንቆርቆሪያ» እያሉ ሳቁበት። ሳቁ ኪያላሚ ላይ አበቃ። በ1979 ዣን ፒየር ዣቡዊ በዚያው ማንቆርቆሪያ አንደኛ ሆኖ ከፊት ተሰለፈ፤ ቱርቦ ሞተር ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። በ1980 ሁለቱም ሬኖዎች ከፊት ተሰልፈው ሬኔ አርኑ አሸነፈ፤ በ1982 ደግሞ አላን ፕሮስት።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ኪያላሚ ከ1500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ባሕር ዳር 480 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ወደ 400 ይወርዳል። ቱርቦው ግን አየሩ ሲሳሳ ኮምፕሬሰሩን ፈጠን አድርጎ የጎደለውን አብዛኛውን ይሞላዋል። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ባሕር ዳር ሆነው ነው የጻፉት ብል አላጋንንም። ጥፋቱ የቱርቦው አይደለም፤ የሚተነፍስንና የሚነፋለትን በአንድ መስመር ማሰለፉ ነው። ፒኬም በ1983 በቱርቦ ሞተር የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያረጋገጠው እዚሁ ኪያላሚ ላይ ነው።

ታዲያ ከዚያ በፊት ምን ነበር? ወገኖች፣ ኮስዎርዝ ዲኤፍቪ ነበር። ፎርድ 100,000 ፓውንድ ሰጥቶ ኪት ዳክዎርዝ የሠራው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር፣ ሲጀምር 400 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚሰጥ። በ1967 በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈ። ጂም ክላርክ የፋንጂዮን 24 ድሎች ያለፈው በዚሁ ሞተር፣ ኪያላሚ ላይ፣ በ1968 የመጀመሪያዋ ቀን ነበር፤ የመጨረሻ ድሉም ሆነ። ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር በ1975 በአገሩ ሜዳ ያሸነፈውም በዲኤፍቪ ነው። ሞተሩ እስከ 1983 ድረስ 155 ጊዜ አሸንፏል።

ቁጥሩ ሳይሆን እኔን የሚገርመኝ ዋጋው ነው። 7,500 ፓውንድ! ያንን የከፈለ ሁሉ ሻምፒዮኑ የሚነዳበትን ሞተር ገዝቶ ይሄዳል። ቲሬል የእንጨት ነጋዴ ነበር። ፍራንክ ዊሊያምስ ብዙ ጊዜ ኪሱ ባዶ ነበር። እነዚህ ሰዎች ፌራሪን ያህል ፋብሪካ ያሸነፉት ሞተሩ ተገዝቶ፣ ተፈትቶ፣ ተጠግኖ የሚገጠም ስለነበር ነው። ከዚያ በፊትም በ1967 ጆን ላቭ የሚባል የሮዴዥያ ሰው (የዛሬዋ ዚምባብዌ) አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ኮቨንትሪ ክላይማክስ ሞተር በገጠመለት የግል ኩፐሩ ኪያላሚ ላይ ውድድሩን ሲመራ ቆይቶ፣ ጥቂት ዙር ሲቀረው ለነዳጅ በመቆሙ ሁለተኛ ወጣ። ኩባንያው የእሳት አደጋ ፓምፕ የሚሠራ ነበር! እስቲ ዛሬ ከቡላዋዮ ተነስቶ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አሳዩኝ።

«ቱርቦ የሌለው ሞተር ዕድገት የለውም» የሚሉ አሉ። ይሄ ልክ አይደለም። ቱርቦ ከ1989 ጀምሮ ሲከለከል የሆነውን ተመልከቱ። የአየሩ መጠን ከተወሰነ ጉልበት የሚጨመረው ቶሎ ቶሎ በመተንፈስ ነው። ዲኤፍቪ ሲጀምር በደቂቃ 9,000 ዙር ይዞር ነበር። በ2005 ያው 3 ሊትር የሆነው ቪ10 19,000 ዙር ገብቶ ከ900 የፈረስ ጉልበት በላይ ይሰጥ ነበር። አንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 158 ጊዜ ይተነፍሳል ማለት ነው! በዚህ ፍጥነት የብረት ሞላ ቫልቩን ተከትሎ መዝጋት ያቅተዋል፤ ቫልቩ ይንሳፈፍና ከፒስተኑ ጋር ይጋጫል። መፍትሔው የብረቱን ሞላ አውጥቶ በታመቀ ጋዝ መተካት ሆነ። በነገራችን ላይ ይህን ወደ ውድድር ያመጣው ሬኖ ነው፣ ያውም በ1986 በቱርቦ ሞተሩ ላይ። ምህንድስና የተማርን ሰዎች ይሄን ስናይ ምራቃችንን እንውጣለን።

እውነቱን ለመናገር ከ2014 ወዲህ ያለው ባለ ባትሪ ቱርቦ ሞተርም ተዓምር ነው። መርሴዲስ በ2017 በመፈተሻ ክፍል ውስጥ ከነዳጁ ኃይል ከግማሽ በላይ ወደ ሥራ መለወጡን አስታውቋል። የትኛችንም መኪና አጠገቡ አይደርስም። ግን ማነው የሚሠራው? በ2010 ሦስት አዳዲስ ቡድኖች የኮስዎርዝን ቪ8 ገዝተው ገብተው ነበር። ኮስዎርዝ በ2013 መጨረሻ ወጣ። በ2014 ሞተር የሚያቀርቡት ሦስት ብቻ ቀሩ፤ መርሴዲስ፣ ፌራሪና ሬኖ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ካተርሃምና ማሩሲያ ከሠሩ። የሞተሩ ዋጋ ብቻ ነው የጣላቸው አልልም፤ ግን ቀድሞውንም የጎበጠ ጀርባ ላይ የተጫነ ጭነት ነበር።

ስለዚህ ቪ8 ይምጣ ሲባል እልል ከማለታችሁ በፊት ጠይቁ፤ በስንት ይሸጣል? ለማን? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከጎኑ ትልቅ ባትሪና ማንም የማይከፍተው ሶፍትዌር ከለጠፉበት፣ ድምፅ ያለው ያው የተዘጋ በር ነው። እኔ የምፈልገው ሕግ ሞተር የሠራ ሁሉ በተወሰነ ዋጋ ለጠየቀው ቡድን እንዲሸጥ፣ ገዢውም በራሱ ጋራዥ እንዲፈታው የሚያስገድድ ነው። ኤፍአይኤ በ2025 የኪያላሚን የማሻሻያ ንድፍ ስለተቀበለ ውድድሩ አንድ ቀን እዚህ ይመለስ ይሆናል። ሁሉም ቱርቦ በሌለው ሞተር ከመጣ ከፍታው የሁሉንም ጉልበት እኩል ይቀንሳል፤ በ1992ና በ1993 እንደዚያ ነበር፣ ማንም አልተበደለም።