ገዥ፣ ሻጭና ዳኛ

አማርኛችን አገር የሚያስተዳድረውንም፣ ገበያ ወጥቶ ዕቃ የሚሸምተውንም በአንድ ቃል «ገዥ» ይላቸዋል። ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ሥራውም አንድ ነው ማለት አይደለም። መንግሥት ግን በየቀኑ ሁለቱንም ይሆናል፤ ያስተዳድራል፤ ይሸምታልም። የሚሸምትበት ገንዘብ የገበሬው ግብርና የነጋዴው ቀረጥ ነው፤ የሚሸምትበትም እጅ የሹሙ እጅ ነው። ታዲያ ይህ እጅ በጓዳ በኩል ከሻጩ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? የሕግ ሰዎች ይህን የጥቅም ግጭት ይሉታል። ዛሬ ከአንባብያን ጋር ልንወያይበት የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው።

ደብረ ማርቆስ ነገሩን ለማወቅ የውጭ አገር መጽሐፍ አያስፈልጋትም። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ተሽረው በራስ እምሩ እስኪተኩ ድረስ ጎጃምን ሲገዙ ገዥም ነጋዴም ነበሩ፤ ግብር የሚሰበስበው እጅ በንግድም ሀብት ያፈራ ነበር። በዚያን ዘመን ሹመትን ከንግድ የሚለይ ድንበር ስላልነበረ፣ ነቀፌታውን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም። የአገሩ ተረት እንኳ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሹሙን ያደፋፍረው ነበር።

ዛሬ ግን ድንበሩ ተጽፏል። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም. ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 668 ወጣ። የመንግሥት ግዥም በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 649 ተደነገገ፤ እርሱም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተካ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በፌዴራሉ ሕግ ይገዛል፤ የከተማውና የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በክልሉ ሕግ። እንግዲህ የጎደለው የሕግ ወረቀት አይደለም። የጎደለው፣ በእኛ አስተያየት፣ ሁለት ልማድ ነው፤ አንደኛው አስቀድሞ መናገር፣ ሁለተኛው በራስ ጉዳይ ዳኛ አለመሆን።

ስለ መጀመሪያው እንነጋገር። አንዳንድ ሰዎች «የሹም ዘመድ ከቶ አይጫረት» ይላሉ። ይህ በእኛ አገር አይሠራም። በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ በአማኑኤል ወይም በደንበጫ የሚኖር ሰው በአባቱና በእናቱ ወገን ሲቆጥር ከብዙው ሰው ጋር ይዛመዳል፤ በሥጋ ያልተዛመደው በጋብቻ፣ በጋብቻ ያልተዛመደው በክርስትና ልጅ፣ በማኅበር ወይም በዕቁብ ይገናኛል። ዝምድናን ራሱን ወንጀል ያደረግነው እንደ ሆነ የሚገዛም የሚሸጥም አናገኝም። ጥፋቱ ዝምድናውን በመደበቅ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪ መቀመጫ ሊያሠራ ጨረታ አወጣ እንበል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ የአንደኛው ተጫራች አማች ነው። ሰውየው ጻድቅ ሊሆን ይችላል፤ ለአማቹም አንዲት ነጥብ ላይጨምር ይችላል። ነገር ግን የተሸነፈው ተጫራች ይህን በምን ያውቃል? ፖስታው ተከፍቶ የተጫራቾቹ ስም እንደ ተነበበ፣ ግምገማው ሳይጀመር፣ «እገሌ አማቼ ነው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ አልቀመጥም» ብሎ ቢነሣና በቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ግን ሁሉም ይጠቀማል። አማቹ ቢያሸንፍ ድሉ ንጹሕ ይሆንለታል፤ ተሸናፊው ልቡ ያርፋል፤ ሹሙም ከሐሜት ይድናል።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ዳኛ ከተከራካሪዎቹ በአንዱ በኩል ዝምድና ካለው ከችሎት ይነሣል። በጎጃም ደጋ ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉም ዕጣ ይጣል ነበር። ሽማግሌው መሬቱን ይመድባል፤ የትኛው ድርሻ ለማን እንደሚደርስ የሚለየው ግን ዕጣው ነው። ሽማግሌውን ሰው የሚያምነውም ከዚህ የተነሣ ነበር። ለርስት የሠራ ጥበብ ለጨረታ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

በዚህ ላይ አንድ የተሰወረ በር አለ፤ እርሱም ዝርዝር መግለጫው ነው። የእንጨቱ ዓይነት፣ የብረቱ ውፍረትና የማስረከቢያው ቀን በአንድ ሰው ልክ ተሰፍተው ከወጡ ጨረታው ሳይከፈት አልቋል። የዓለም ባንክ በሚያበድርበት ሥራ ንድፉን ያዘጋጀ አማካሪ ድርጅት ያንኑ ሥራ ለመሥራት እንዳይጫረት የሚከለክለው ስለዚህ ነው። መግለጫውን ማን እንደ ጻፈው መመርመር ፖስታውን ማን እንደ ከፈተው ከመመርመር አያንስም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልማድ እንለፍ። በአዋጅ ቁጥር 649 ሥርዓት ቅር የተሰኘ ተጫራች በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለገዥው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ ያመለክት ነበር፤ ኃላፊው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ያላረካው ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ወደ አቤቱታ አጣሪው ቦርድ ይሄዳል። ቀኖቹ አጫጭር መሆናቸው መልካም ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ግን ያው ገዥው ራሱ ሆነ። ኃላፊው በፊርማው ያጸደቀውን ውሳኔ መልሶ ሲመረምር፣ የገዛ እጁ ጽሕፈት ስሕተት ነው ለማለት ብዙ ብርታት ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የጨረታ አቤቱታ የሚቀርብለት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ከሕዝብ ምክር ቤቱ ወገን እንጂ ከገዥዎቹ ሚኒስቴሮች ወገን አይደለም፤ ውሳኔውንም በ100 ቀን ውስጥ ይሰጣል። እኛም አገር ቢያንስ በግምገማው ወይም በማጽደቁ እጁን ያስገባ ሰው በአቤቱታው ላይ እንዳይቀመጥ ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም።

በትንሽ ከተማ ደግሞ ገዥው ብዙ አይደለም። ዛሬ አቤት ያለ ነጋዴ ነገ ፕሮፎርማ ሲሰበሰብ እንዳይታለፍ ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ እርካታ ይቆጠራል። እርግጥ ነው፣ የተሸነፈ ሁሉ የተበደለ አይደለም፤ ሥራ ለማዘግየት ብቻ «ዘመዱ ነው» እያለ የሚጮህም አለ። ለዚህም ቢሆን መድኃኒቱ ያው የተጻፈው ቃለ ጉባኤ ነው። አስቀድሞ የተናገረ ሹም ለሐሰተኛ ከሳሽ የሚመልሰው ወረቀት በእጁ አለ።

ነገሩ በወንበር ቢጀምር በወንበር አያበቃም። በጃዊ ቆላ የጣና በለስን ስኳር ፋብሪካዎች የመሥራት ኮንትራት የተሰጠው ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ለሜቴክ ነበር፤ ሥራው በጊዜው ሳያልቅ ቀርቶ ከእጁ ወጣ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ አገር ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን አስታወቁ። የዐቃቤ ሕግ ቃል ክስ ነው፤ የእያንዳንዱን ተከሳሽ ነገር የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። ለእኛ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ጨረታ በሌለበት ተሸናፊ የለም፤ ተሸናፊ በሌለበት አቤት ባይ የለም፤ አቤት ባይ በሌለበትም ሹሙን «ይህን ለምን ከዚህ ሰው ገዛህ?» ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም።

ስለዚህ ቅር የተሰኘውን ተጫራች እንደ ጠላት ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። እርሱ መንግሥት ደመወዝ የማይከፍለው ተቆጣጣሪ ነው። የራሱን ጥቅም ሲያሳድድ የሕዝቡን ገንዘብ ይጠብቃል።

ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የተበተንን ወጣቶች ብዙዎቻችን በአንድ ወይም በሌላ ኮሚቴ መቀመጣችን አይቀርም። ያን ቀን የአጎታችን ልጅ ስም ከፖስታው ሲነበብ ዓይናችንን ወደ ጣሪያ ማንሣት ቀላል ነው። ዘመዱም ቢሆን «ታዲያ ልጅነትህ ምን ጠቀመኝ?» ብሎ መቆጣቱ አይቀርም። ይቆጣ። ቁጣው ለፋሲካ ያልፋል፤ ተናግረን መነሣታችን የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ ግን በመዝገቡ ውስጥ ይኖራል።